ከናድዛብ ወደ ኡካሩምፓ፦ ወንጌል በመንደር ቋንቋ እንዴት ይተረጎማል?

ከፖርት ሞርስቢ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ የሚያወጣ የመኪና መንገድ የለም። ስለዚህ ወደ ሌይ በርረን አውሮፕላን ማረፊያው ናድዛብ ላይ ወረድን፤ ከዚያ የማርክሃምን ሜዳ አቋርጠን፣ የካሳምን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን፣ በካይናንቱ በኩል ኡካሩምፓ ገባን። ታች ሜዳው ላይ ሙቀቱ ያነዳል፤ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

ኡካሩምፓ ኤስ አይ ኤል የሚባለው የቋንቋና የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ድርጅት ማዕከል ነው። ድርጅቱ በአገሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መደብር አለው፤ በቅርቡ ባለው አዩራ ማረፊያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይነሣሉ። ትርጉሙ ግን ሥር የሚይዘው መንደር ውስጥ ነው። በዚህ አገር ከ800 በላይ ቋንቋዎች ስለሚነገሩ፣ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በማዕከሉና በመንደሩ መካከል ከፍለው ይኖራሉ። ትንንሾቹን ልጆች ወላጆቻቸው መንደር ውስጥ ያስተምሯቸዋል፤ ከፍ ያሉት ማዕከሉ ውስጥ በአዳሪነት ይማራሉ።

ወደ መንደር የሚበረው በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራው ላይ ይከመራል፤ የሣር ማረፊያዎቹ ደግሞ አጭርና ዳገታማ ናቸው። ሰውም ዕቃም ስለሚመዘን፣ ሩዝና የባትሪ አሲድ ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ቦታ ይታሰባል።

ቤቱ በውሃና በመብራት ራሱን መቻል አለበት። ውሃው ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ሮቶ ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,200 ሊትር ይሰጣል። ከድርቅ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ የወፍ ኩስና ቅጠል ስላለበት ይደፋል። የሮቶው አፍ በወንፊት ካልተሸፈነ ትንኝ ይፈለፈልበታል። መብራቱ ከሶላር ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ግን ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ሊታመኑበት የሚገባው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ አሥር ሰዓት ያህል ያሠራል። በዝናብ ወራት ደመናው ቀናት ሲቆይ ያም አይሞላም፤ የዚያን ሳምንት ሥራ በወረቀት ነው።

ቆላ ላይ ወባ አለ። በኮአርተም ሲታከሙ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጣል፤ በባዶ ሆድ መድኃኒቱ በደንብ አይመጠጥም። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። እሱን የሚነቅለው ፕሪማኪን ነው፤ ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባለው የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም ጉድለት ያለበትን ሰው ግን የደም ሴሎቹን ስለሚሰብር አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትርጉም የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በማርቆስ ወንጌል ነው፤ አጭር ነው፣ ታሪክም ነው። ረቂቁን የሚጽፉት የቋንቋው ተወላጆች ናቸው፤ የውጭው ሰው የምንጩን ትርጉም ያብራራል፣ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ የሚረዳው ነገር አለ። የአገሩ የመግባቢያ ቋንቋ ቶክ ፒሲን ስሜትን ሆድ ውስጥ ያኖራል፦ «ቤል» ሆድ ነው፣ «ቤልሃት» ቁጣ፣ «ቤል ኢሲ» ሰላም፣ ንስሐ ደግሞ «ታኒም ቤል»፣ ሆድን ማዞር። ሆደ ቡቡና ሆደ ሰፊ ለምንል ሰዎች ይህ ሩቅ አይደለም።

ሌላው ግን እንግዳ ነው። ብዙዎቹ ቋንቋዎች ሁለት «እኛ» አሏቸው፤ አንዱ አድማጩን ይጨምራል፣ አንዱ ያስቀራል። ቶክ ፒሲንም «ዩሚ» እና «ሚፔላ» ብሎ ይለያል። ማርቆስ 4፥38 ላይ ደቀ መዛሙርቱ «ስንጠፋ አይገድህምን?» ሲሉ ኢየሱስ አብሮ ይጠፋል ወይስ እነሱ ብቻ? አማርኛው ዝም ይላል፤ እነዚህ ቋንቋዎች ዝም ማለት አይችሉም። ማርቆስ 2፥5 ደግሞ ይብሳል። «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ለማለት እንደ «ተሰረየ» ያለ፣ አድራጊውን የማይጠራ የ«ተ» ግሥ የሌለው ቋንቋ ይቅር ያለውን መጥራት አለበት። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል» ከተባለ፣ ቁጥር 7 ላይ ጸሐፍት የሚቆጡበት ምክንያት ይጠፋል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ለብቻው መፍታት አይበቃም።

በጉን በአሳማ መተካት ለምን አይሆንም ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ አሳማ እዚያ የከበረ የድግስ እንስሳ ነውና። ግን ዘሌዋውያን 11 ላይ ርኩስ ሆኖ ይመጣል፣ ማርቆስ 5 ላይም 2,000 ያህሉ ባሕር ይገባሉ። ቶክ ፒሲን «ሲፕሲፕ» ብሎ ቃሉን ተውሷል፤ ከሥዕልና ከማብራሪያ ጋር የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

የደጋው ቋንቋዎች ግሥ በግሥ ላይ ያስከትላሉ፤ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተቀምጦ» እንደምንለው። ልዩነቱ፣ የግሡ ጫፍ ቀጣዩን ግሥ የሚሠራው ያው ሰው ይሁን ሌላ አስቀድሞ መናገሩ ነው። አራሚ መሐል ካለው ሐረግ አንዱን ቢያወጣ፣ ከእሱ ቀድሞ ያለው ግሥ ጫፍ ሐሰተኛ ይሆናል፤ አንባቢውም ድርጊቱን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ከእርማት በኋላ ምዕራፉ እንደገና ሙሉ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ከረቂቅ በኋላ መንደር ውስጥ ይፈተሻል። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እንግዳን ላለማሳፈር ሁሉም አዎ ይላል። ማን ተናገረ? ለማን? ለምን ፈሩ? ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ ረቂቁን ያላየ ሌላ ተናጋሪ ቃል በቃል ወደ ቶክ ፒሲን ወይም እንግሊዝኛ መልሶ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙን የሚመረምረው አማካሪ ስሕተቱን የሚያየው በዚህ ነው። መልሶ የሚተረጉመው ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ አደጋ አለ፤ ገጹ ላይ ያለውን ትቶ የሚያውቀውን ይጽፋል።

አዲስ ኪዳን ወደ 8,000 የሚጠጉ ቁጥሮች ስላሉት ሥራው ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት ይበልጣል። ከኅትመት በፊት ሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል፦ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ቅጂውን ይዘው ይከተላሉ፤ አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል።