ሶንግክራንን በባሕር ዳርቻ፦ በባንግ ሴን ያከበርኩት የታይላንድ አዲስ ዓመት

የታይላንድ አዲስ ዓመት ሶንግክራን በየዓመቱ ሚያዝያ 5 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ይገባና ሦስት ቀን ይከበራል። ለልብስ ንግድ ወደ ባንኮክ የሚመላለስ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያ ሰሞን የፕራቱናም የልብስ ገበያ ሱቆች በብዛት ይዘጋሉ፤ ሠራተኛውም ወደየትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። እኔም ዕቃዬን ቀደም ብዬ አስጭኜ በዓሉን ባሕር ዳርቻ ለማክበር ወሰንኩ፤ የመረጥኩትም በቾንቡሪ አውራጃ የምትገኘውንና የባንኮክ ነዋሪዎች ራሳቸው ለዕረፍት የሚሄዱባትን ባንግ ሴንን ነው።

ለምርጫዬ ዋናው ምክንያት ቀኑ ነበር። በታይላንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ በዓሉ በሦስቱ ቀናት አያበቃም፤ «ዋን ላይ» የሚባል የራሱ መዝጊያ አለው፤ ባንግ ሴን ሚያዝያ 8 እና 9፣ ፓታያ ደግሞ ሚያዝያ 11 ያከብሩታል። በሶንግክራን ዋዜማና ማግስት መንገዶቹ ክፉኛ ይጨናነቃሉ፤ መንግሥት ሰሞኑን «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» ብሎ በየዕለቱ የሞቱትንና የቆሰሉትን ቁጥር ይፋ ያደርጋል፤ ከተጎጂዎቹም አብዛኞቹ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ወደ ባንኮክ በሚመለስበት ሰዓት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በቀን ብርሃን፣ በሚኒባስ ሄድኩ። ሞተር ሳይክል መከራየትን ጨርሶ አላሰብኩትም፤ ማንም እንዲያስበው አልመክርም።

ጨርቅ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ማለዳ እናቷ ቤት ጋበዘችኝ። አዛውንቷ ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መዳፎቻቸውን ገጥመው ዘረጉ፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ ሳህን ተቀምጧል። ልጆችና የልጅ ልጆች በየተራ እየተንበረከኩ፣ የጃስሚን አበባ ከሚንሳፈፍበት ጎድጓዳ ሳህን ጥቂት ጥቂት ውኃ መዳፋቸው ላይ ያፈሱና በዓመቱ ውስጥ ላስቀየሟቸው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እሳቸውም በረጠበ እጃቸው የእያንዳንዱን ራስ ዳሰስ እያደረጉ ይመርቃሉ። ተራዬ ሲደርስ ቋንቋውን ባልሰማም፣ የአያቶቹን ጉልበት ስሞ ምርቃት እየተቀበለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ይህንን ነው፦ ከሰዓት በኋላ ጎዳና ላይ በባልዲ የሚደፋው ውኃ ከዚህ መዳፍ ላይ የተነሣ ነው። ይህን ሳያይ በቀጥታ ወደ ጎዳናው የሚገባ እንግዳ ሶንግክራንን የውኃ ጦርነት ብቻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ማለዳውን ያየ ግን ውኃውን ለማን እና እንዴት እንደሚረጭ ያውቃል። ዩኔስኮም በ2023 በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ለውኃ መረጫ ሽጉጡ አይመስለኝም።

ባንግ ሴን በተለይ የምትታወቀው ባሕር ዳር በሚሠሩት የአሸዋ ፓጎዳዎች፣ ማለትም የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማማ በሚመስሉ ሾጣጣ ቁልሎች ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መቅደስ ሲወጣ በእግሩ አሸዋ ይዞ ይወጣልና፣ በአዲስ ዓመት ያንን ዕዳ ይመልሳል የሚል እምነት አለ። ቤተሰቦች እርጥብ አሸዋ በእጃቸው እየጠቀጠቁ ወደ ላይ ያሾሉታል፤ ፀሐይ አድርቃ እንዳትንደው ውኃ ረጨት ረጨት ያደርጉበታል፤ በመጨረሻም አበባና ባለቀለም የወረቀት ባንዲራ ይተክሉበታል። አንድ ሽማግሌ ባዶ እጄን ቆሜ ሲያዩኝ አሸዋ የሞላ ባልዲ አቀበሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ተመልካች አልነበርኩም።

ከሰዓት በኋላ በርሜል የጫኑ ፒካፖች በባሕር ዳሩ ጎዳና ተሰልፈው እየተንፏቀቁ ያልፋሉ። አንዳንዱ በርሜል ውስጥ ግግር በረዶ ስለሚጨመር ውኃው ሲያገኝ ትንፋሽ ያቋርጣል። መነኮሳት፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና ሞተር የሚነዱ ሰዎች አይረጩም። በበዓሉ የተለመደውን በውኃ የተለወሰ ነጭ የጠመኔ ዱቄት ሰው ጉንጭ ላይ ለመቀባት ደግሞ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል፤ በተለይ ሴቶችን በዚህ ሰበብ የሚነካኩ ሰዎች ስላሉ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ፓስፖርቴን ሆቴል ትቼ፣ ስልኬንና ገንዘቤን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ውኃ የማያስገባ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ጠቆር ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ልብስና ተረከዙ የሚታሰር ሰንደል ለብሼ የዋና መነጽር መጨመሬ ዓይኔን አትርፎልኛል። ኤፕሪል የታይላንድ እጅግ ሞቃቱ ወር ነው፤ የረጠበ ገላ ቃጠሎው ስለማይታወቀው የፀሐይ ቅባቱን ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል።

ፓታያም ቅርብ ናት፤ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ግን ባንግ ሴንን አስቀድማለሁ። ማረፊያውን ከወራት በፊት መያዝ ይበጃል፤ ሲመለሱ ደግሞ በኖንግ ሞን ገበያ በኩል አልፎ በቀርከሃ ውስጥ በኮኮናት ወተት የሚበስለውን ካኦ ላም የተባለ ሩዝ መግዛት ነው፤ አካባቢው የሚታወቀውም በእሱ ነው።