ማንግሮቭ ከባሕር ማዕበል የሚያድነው ገንዘብ እንዴት ይሰላል?

በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ዋጋው ስንት ነው ሲባል ቶሎ የሚቆጠረው እንጨቱና ዓሣው ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ገበያ አይወጣም፤ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን ጥቅም በዓመት ከ65 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ ገምቶታል፤ ደኑ ባይኖር በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች በጎርፍ ይጠቁ ነበር ይላል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከማዕበሉ ነው። በ10፣ በ25፣ በ50 እና በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቁ ማዕበሎች ይወሰዳሉ። እያንዳንዱ በኮምፒውተር ሞዴል ሁለቴ ይሰላል፤ አንዴ ደኑ እንዳለ፣ አንዴ ደኑ ተመንጥሮ። ውኃው በየቤቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቆም ይታይና ጥልቀቱ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። የሁለቱ ልዩነት በየማዕበሉ የመከሰት ዕድል ተመዝኖ ሲደመር ዓመታዊው ጥቅም ይገኛል። የ100 ዓመቱን ብቻ ይዞ መደምደም ስሕተት ነው፤ አነስ ያሉት ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለሱ ድምራቸው ከባድ ነው። ደኑን በሲሚንቶ ግንብ ዋጋ መተመንም አያስኬድም፤ ማንም ግንብ በማይሠራበት ቦታ ያልታሰበ ወጪን እንደ ጥቅም መቁጠር ይሆናል።

ሞገድና የባሕር ሙላት ተለይተው መታየት አለባቸው። 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል። ነፋስ ገፍቶ የሚያመጣው የባሕር ሙላት ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ደን ውስጥ የሚቀንሰው ከ5 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቀጭን የደን መቀነት የአፈር ግድብን ከሞገድ ግርፋት ያድናል፤ ሙላቱን ግን አያቆምም። የውኃው ከፍታም ይወስናል፦ ከጭቃው በላይ የተጠላለፉት ሥሮች ሞገዱን አጥብቀው ይይዙታል፤ ውኃው ሥሮቹን አልፎ በባዶ ግንዶች መካከል ሲሆን ጉልበቱ ብዙም አይቀንስም፤ ቅርንጫፎቹ ጋ ሲደርስ እንደገና ይያዛል።

በሄክታር አማካይ ዋጋ መናገር እጅግ ያሳስታል። ዋጋውን የሚወስነው ከደኑ ጀርባ ያለው ሰውና ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አይርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ማንግሮቭ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጉዳት አስቀርቷል። በደኑና በባሕሩ መካከል የተሠሩ ቤቶች ግን የተገታው ውኃ እነሱ ላይ ስለሚከማች ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ይህ ከጥቅሙ ላይ መቀነስ አለበት።

መልሶ ማልማት ላይ ገንዘብ የሚባክነው በብዛት በተከላ ቦታ ምርጫ ነው። ሪዞፎራ የተባለውን የማንግሮቭ ዓይነት ረጅም ፍሬ ለቅሞ ባዶ ጭቃ ላይ መሰካት ቀላል ነው፤ ቦታው ከአማካይ የባሕር ወለል በታች ከሆነ ግን ችግኙ ውኃ ውስጥ ውሎ ያድርና ይሞታል። ተስማሚው ቦታ ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ባልበለጠ ውኃ የሚተኛበት ነው። የተተወ የሽሪምፕ ኩሬ ከሆነ ደግሞ ግድቡን በቦታ በቦታው ጥሶ የቀድሞውን የውኃ መውረጃ መክፈት ይቀድማል፤ በአቅራቢያው ዘር የሚጥል ደን ካለ ፍሬው በራሱ ተንሳፍፎ ይገባል። የተተከለው ሄክታር ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንደሚከላከል ተደርጎ ሲሰላ ጥቅሙ ይጋነናል፤ መቆጠር ያለበት በሕይወት የተረፈው ነው፣ ያውም ሥሩ ከበረታ ወዲህ።