የድሮ መልክ ያለው ርካሹ ቤዝ ጊታሬ

ቤዝ ጊታር ለመግዛት ሳስብ ልቤን የሳበው የድሮውን የፕሪሲዥን ቤዝ መልክ የያዘው ዓይነት ነበር። አሜሪካዊው የጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ይህ መሣሪያ በ1957 ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ሲገጠምለት ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ያዘ፤ ሁለቱ ግማሾች የኤሌክትሪኩን እዝዝታ እርስ በርሳቸው ስለሚያጠፉት ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ርካሽ ቅጂዎቹም በደንብ ይከተሉታል፤ ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብዬ አምናለሁ።

ስመርጥ ከቀለሙ ይልቅ አንገቱን መረመርሁ፤ ቀጥ ማለቱን በዓይኔ ለካሁ፣ እያንዳንዱንም ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ቀጭን ብረት) በየክሩ እየተጫንሁ አዳመጥሁ። ያም ሆኖ ቤት ስደርስ የፍሬቶቹ ጫፍ መዳፌን ይቧጭረኝ ስለነበር፣ እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ጫፎቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት አለሰለስኋቸው።

ድምፁን ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን ክር መቀየሬ ነው። ላያቸው ልስልስ የሆኑ ክሮች ሳስር ጣቴ ሲንሸራተት ይሰማ የነበረው ፉጨት ጠፋ፣ ድምፁም የድሮ ሸክላ ላይ የምንሰማውን ክብ ቃና አገኘ። አዲሶቹ ክሮች አንገቱን ይበልጥ ስለሳቡት በውስጡ ያለውን አንገት የሚያቀና ብረት ሩብ ዙር ብቻ አጠብቄ አንድ ሌሊት አሳደርሁት። ቀጥሎ ቅኝቱ በአንገቱ ሁሉ ትክክል መሆኑን ለማየት በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኜ ያወጣሁትን ድምፅ እዚያው ክሩን በስሱ ነክቼ ካገኘሁት ጋር አነጻጸርሁ፤ የተጫንሁት ቀጥኖ ስለተሰማኝ የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳብሁት። አሁን በየማታው አነሣዋለሁ፤ ቅኝቱም ለቀናት አይወርድም።