ሁለተኛው ዕጣዬ

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ዕጣ ወጥቶልኛል። አንደኛው ዲቪ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ሰኔ የደረሰኝ የጃዝ መግቢያ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሰመር ሲገባ አርብ አርብ አመሻሽ ላይ ብርድ ልብስ በብብታቸው፣ ቅርጫት በእጃቸው የያዙ ሰዎች መኪና ያቆማሉ። ትኬት እሰጣቸዋለሁ፣ እየሳቁ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ደግሞ እያፏጩ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ፉጨቱን እንጂ ሙዚቃውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጃዙ የሚቀርብበት ቦታ የሥዕል ሙዚየሙ የናሽናል ጋለሪ የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ስፍራ ነው። መሀሉ ላይ ትልቅ ፏፏቴ አለ፣ ብርድ ሲመጣ የበረዶ መንሸራተቻ ይሆናል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ግን ፈላጊው ስለበዛ በዕጣ ነው። ልጄ በስልኬ ሞላችልኝ። እንደ ዲቪው ፎቶ እንኳ አልጠየቁም። ሲደርሰን ጓደኛዬን ለምኜ ሽፍት ተቀያየርን።

እግራችንን ፏፏቴው ውስጥ ነክረን ተቀመጥን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ባንዱ ውስጥ ቫይብራፎን ነበር። መምቻዎቹ ብረቱ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ብድግ አልኩ። ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ ተምሮ ይዞልን የመጣው ድምፅ!

«ይኼ እኮ የኛ ነው!» አልኳት ልጄን።

«እማዬ፣ ሰውዬው ከባልቲሞር ነኝ አለ እኮ።»

ዝም አልኩ።

እሷን የያዛት ሙዚቃው አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮይ ሊችተንስታይን የሠራው ባለ ቀለም ቤት አለ። በፊቱ ስትራመዱ ቤቱ አብሯችሁ የሚዞር ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ወደ ውጭ የወጣ የመሰላችሁ ማዕዘን ለካ ወደ ውስጥ የገባ ነው። አሥር ጊዜ ተመላለሰችበት። እኔም ሁለት ጊዜ፣ ማንም ሳያየኝ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ እኛው ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜዳ ላይ የልጆች ፊልም ነበር። ቡናዬን በፔርሙስ፣ ዳቦ ቆሎዬን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጋቢዬንም ይዣለሁ። ልጄ ሣሩ ላይ ልታነጥፈው ስትል እናቴ ከሸዋ ድረስ የጮኸችብኝ መሰለኝ። ጋቢ ይለበሳል እንጂ ይረገጣል? ካርቶን ላይ ተቀመጥን።

የውጭ ሲኒማ ችግሩ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቅ ነበር። እዚህ ሰኔ ላይ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አለች። ፊልሙ ሲጀምር ግማሹ ሕፃን ተኝቷል። የቀረውን ቢምቢው ይበላዋል።

ስክሪኑ በአየር የሚነፋ ነው፣ ከኋላው ሞተር ያለማቋረጥ ይነፋዋል። ፊልሙ ልብ ሊሰቅል ሲል አንድ ሰው ገመዱን ረግጦ ነቀለው። ሞተሩ ዝም አለ። ስክሪኑ ግን ወዲያው አልወደቀም። መጀመሪያ ከላይ ተሸበሸበ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። የዋናው ገጸ ባሕርይ ፊት ተጨማደደ፣ አገጩ ግንባሩ ላይ ደረሰ። ያልተኙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ፣ የተኙትም ነቁ። እኔ ትዝ ያለኝ የልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ነው። የሕንድ ፊልም እያየን መብራት ሲጠፋ «ብራችን ይመለስ!» እንል ነበር። እዚህ ምን ይመለሳል፣ ነፃ ነው።

እሁድ ደክሞኝ ነበር። ልጄ ናት የጎተተችኝ። ማልኮም ኤክስ ፓርክ (በወረቀት ስሙ ሜሪዲያን ሂል ነው) እሁድ እሁድ ከሰዓት ከበሮ ይመታል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ነው ይባላል። መድረክ የለም፣ አስተዋዋቂ የለም። አንዱ ጄምቤ፣ አንዱ ኮንጋ፣ አንዱ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ይመታል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቄ ላጨበጭብ አሰብኩ። አያልቅም! የደከመው ይነሳል፣ ሌላው ቦታውን ይይዛል፣ ምቱ ይቀጥላል። አንዲት ትልቅ ሴት ለልጄ ቃጭል ሰጠቻት። ከምቱ እየወጣች አንድ ሰዓት ሙሉ መታችው፣ ማንም ምንም አላላትም። ጆሮዬ እስከ ሰኞ ጮኸ።

በሚቀጥለው አርብ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ብርድ ልብስ የያዘ ወጣት ትኬቱን ሲቀበለኝ «ዕጣ ወጣልህ?» አልኩት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«የሳንግሪያው፣ የፍራፍሬ ወይን ጠጁ፣ ሰልፍ ረጅም ነው፣ መጀመሪያ እሱን ያዝ» አልኩት።