ቀልብ መሰብሰብና ጸጥ ማለት

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ቀኑ አጥሮብኛል። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሲል እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድቅድቅ ይላል፤ ካፊያው አያባራ፣ ማሞቂያው ሲንኳኳ ያመሻል። እንዲህ ያለው ምሽት ሆዴን ያባባዋል። ጀበናዬን ጥጄ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለሁ ከወዳጄ ከመ. መልእክት ገባ፦ «ማታ ማታ ግማሽ ጋሚ መውሰድ ከጀመርኩ ቀልቤ ተሰበሰበልኝ። ሐኪሞቹ ይህን ለምንድነው የማያዙት?»

ጋሚ የምትለው ካናቢስ ያለበትን ለስላሳ ከረሜላ ነው፤ ጥያቄዋም ለኤዲኤችዲ፣ ትኩረት ለሚያሳጣውና ለሚያቅበጠብጠው የአንጎል ሁኔታ፣ ለምን አይታዘዝም ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የያዘኝ ጥያቄው አልነበረም፤ ቃሉ ነው። ቀልብ። «ቀልብሽን ሰብስቢ» ያልተባለች፣ «ይሄ ልጅ ቀልብ የለውም» ያልተባለ ማን አለ? ኤዲኤችዲ የሚለው ስም ሳይደርስልን በፊት ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ዝንጉ፣ ልበ ቢስ የሚሉ ስሞች ነበሩን። ሁሉም ወቀሳ ናቸው፤ አንዱም «ይህ ልጅ ምን ይቸገር ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። ዛሬ አንድ አዋቂ ኤዲኤችዲ አለበት ለመባል ከዘጠኙ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከዘጠኙ የመቅበጥበጥ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ሊኖሩበት፣ አንዳንዶቹም ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው። ሐኪሙ ስለ ልጅነት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ያኔ የተሰደብንበት ሁሉ ዛሬ ማስረጃ ይሆናል።

መ. «ቀልቤ ተሰበሰበ» ስትል ምን ማለቷ ይሆን? ሥራዋ ቶሎ አለቀ ማለቷ ነው ወይስ ውስጧ ጸጥ አለ? ሁለቱ ለተሰማው ሰው ይመሳሰላሉ። አንድ ግን አይደሉም፤ ካናቢስ የሚሰጠው ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው።

ኤዲኤችዲ ባለበት ሰው በተለይ ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የሚባሉት ኬሚካሎች ሥራ ይዛነፋል። አሰልቺ ነገር ላይ ተቀምጦ ለመቆየት የሚያስፈልገው ግፊት አይበቃም። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሪታሊን እነዚህ ኬሚካሎች እንደተለቀቁ ቶሎ ተመልሰው እንዳይመጠጡ ይይዛቸዋል፤ ሌላው መድኃኒት አዴራል ከዚያም አልፎ ተጨማሪ ያስለቅቃል። ካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ሲቢ1 የሚባሉ ተቀባዮችን ይነካል፤ እነሱ በብዛት ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ሂፖካምፐስ፣ ትውስታ የሚሠራበት ክፍል ነው። ሥራቸው የነርቭ ሴሎች የሚላላኩትን መልእክት ዝቅ ማድረግ ነው። ሬዲዮ እንደ መቀነስ ቁጠሩት፦ ጫጫታውም፣ መስማት የምንፈልገውም አብረው ይወርዳሉ።

ይህን ለኛ ሰው ለማስረዳት ከጫት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚን ያስለቅቃል። ነጋዴው ቅጠሉን በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠው፣ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው። በፈተና ሰሞን በምርቃና ሲያነብ የሚያድር ተማሪ የአዴራልን መንገድ በጓሮ በር ገብቶበታል፤ ልኩን ሳያውቅ፣ እንቅልፉንና የምግብ ፍላጎቱን እየከፈለ። ማታ ለጨብሲ ቢራ ሲያነሳ ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ በገዛ ሰውነቱ ያውቀዋል። አንዱ ያነቃል፣ ሌላው ያበርዳል። ካናቢስ ከቢራ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወገኑ ግን ከሚያበርዱት ነው። ለመሰብሰብ የሚፈለገው ደግሞ የሚያነቃው ነበር።

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሙከራ አለ። ኤዲኤችዲ ያለባቸው 30 አዋቂዎች ለ6 ሳምንት ተከታተሉ፤ ለገሚሶቹ ቲኤችሲንና የማያሰክረውን የካናቢስ ንጥረ ነገር ሲቢዲን እኩል ለእኩል የያዘ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት፣ ለገሚሶቹ ምንም የሌለበት ተሰጠ። በኮምፒውተር በተለካው ትኩረትና እንቅስቃሴ ላይ ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም። በመቅበጥበጥና በችኮላ በኩል መሻሻል የመሰለ ነገር ነበር፤ በ30 ሰው ግን «ይሠራል» ማለትም፣ «አይሠራም» ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ሐኪም የማያዝላት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ የሚያዝበት ልክ የለውም።

ስለ ልክ ካነሳን፣ ያቺን «ግማሽ ጋሚ» ቀረብ ብለን እንያት። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ካለው ሱቅ የምትገዛ አንዲት ጋሚ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ ትይዛለች። ግማሿ 5 ነው፤ ለጀማሪ የሚመከረው 2.5፣ ሩቧ ማለት ነው። በቢላ ስትቆረጥ ትለጠጣለች፣ ከስለቱ ጋር ትጣበቃለች፣ ላይዋ ላይ ያለው ስኳር ይረግፋል፤ አራቱ ቁራጮች ሳህን ላይ ሲደረደሩ አንዱ ከሌላው ይወፍራል። ዘይቱ በውስጧ እኩል መዳረሱንም ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ከመቁረጥ ይልቅ 2.5 ተብሎ የተጻፈባትን ሙሉ ፍሬ መግዛት ይሻላል። የሚበላው ዓይነት ለመጀመር ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ጉበት ቲኤችሲውን 11-ሃይድሮክሲ ወደሚባል ብርቱ ዓይነት ይለውጠውና 6፣ 8 ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ትልቁ ጥፋት የሚሠራው 45ኛው ደቂቃ ላይ ነው፦ «ምንም አልተሰማኝም» ተብሎ ሁለተኛዋ ትዋጣለች፤ ከዚያ ሁለቱ ተደራርበው ይመጣሉ። በባዶ ሆድና ቅባት ካለው እራት በኋላም አንድ አይደለም፤ ቅባት ወደ ደም የሚገባውን ያበዛዋል።

የሚጨሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። 20 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቅጠል በ1 ግራም 200 ሚሊግራም አለው። 0.3 ግራም የተጠቀለለበት ቀጭን 60 ይሆናል፤ ብዙው ተቃጥሎ ቢጠፋም ደም ውስጥ የሚገባው ከ6 እስከ 20 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። ለትኩረት ብሎ የጀመረ ሰው 2.5 እፈልጋለሁ እያለ የዚያን ስንት እጥፍ ያጨሳል ማለት ነው። ጥቅሙ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሰማ ማቆም መቻሉ ነው። ሱቅ ውስጥ «ሳቲቫው ለሥራ፣ ኢንዲካው ለእንቅልፍ» የሚሉት ግን ልብ አይጣልበት፤ ስሙ ውስጡ ያለውን አይነግርም። የሚነበበው ሚሊግራሙ ነው።

አሁን ሥራው ጋ እንሂድ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሳህን ማጠብ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ምስር መልቀም በትንሽ ካናቢስ ይቀላሉ። አሰልቺነታቸው ይደበዝዛል፤ «ቀልቤ ተሰበሰበ» የሚያሰኘውም ይህ ነው። ቅጽ መሙላት ግን እንዲህ አይደለም። የደመወዝ ወረቀቱ በግራ፣ የታክስ ቅጹ በቀኝ ተቀምጠዋል። ዓይን 4,318 የሚለውን ያነሳል፤ እጅ እስኪጽፈው ድረስ አእምሮ ለሦስት ሰከንድ መሸከም አለበት። ቲኤችሲ የሚያላላው ይህንኑ ሸክም የሚይዘውን ነው። ቅጹ ላይ 4,381 ይሰፍራል። ሰውየው ደግሞ መሳሳቱ አይታወቀውም፤ ሲጽፍ እጅግ ተመስጦ ነበር። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ይህ ሸክም ድሮም ይከብደው ነበር። በዚያ ላይ የጊዜ ስሜት ይለጠጣል፤ ሃያው ደቂቃ አርባ መስሎ ስለሚሰማ «ብዙ ሠራሁ» ማለት ይመጣል።

ስለዚህ ስሜትን ማመን አይበቃም። መዝግቦ ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ደብተር ይበቃል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያለምንም፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት በአንድ ሰዓትና በአንድ ልክ። የሚጻፈው ሰዓቱ፣ ሚሊግራሙ፣ ሊሠራ የታሰበው፣ የተሠራው በቁጥር፦ ስንት ገጽ፣ ስንት ኢሜይል፣ ስንት ስህተት። ስህተቱን በማግስቱ ሌላ ሰው ቢቆጥር ይመረጣል። «እንዴት ተሰማኝ» የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚሞላው፤ ቀድሞ ከተጻፈ ቁጥሩን ይጎትተዋል። ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንድ ሰው አምስት አሃዝ ያነባል፣ ሌላው ከኋላ ወደ ፊት ይላቸዋል። ከመውሰድ በፊትና ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ።

መ. ግን የምትወስደው ማታ ነው። መልእክቷን መልሼ ሳየው ነው ይህ የታየኝ። ማታ ወስዳ ቀን ቀልቧ ከተሰበሰበ፣ የረዳት እንቅልፉ ይሆናል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች እንቅልፋቸው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አንጎላቸው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይነቃል። ካናቢስ ቶሎ ያስተኛል፤ ቶሎ የተኛ ሰው በማግስቱ ይሻለዋል። እንዲህ ከሆነ ያቺን እንቅልፍ ሌላም ነገር ሊያመጣት ይችላል፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንደነቁ ወደ ብርሃን መውጣት፣ በሐኪም ምክር ከመኝታ ሰዓታት ቀድሞ የሚወሰድ ትንሽ ሜላቶኒን። ጋሚዋ ግን በየሌሊቱ ስትወሰድ ሰውነት ይለምዳታል፤ 5 የነበረው 10፣ 10 የነበረው 20 ይሆናል።

ስትቆም ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ይመጣል። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ መበተን፣ እንደ እውነት የሚያባንን ሕልም ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይብሳሉ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያሉ። ምልክቶቹ ከኤዲኤችዲው ጋር ይመሳሰላሉ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን «አያችሁ? ያለ እሷ አልችልም፤ መድኃኒቴ ናት» ብሎ ይመለሳል። የተመለሰው ከማቆሙ ሕመም እንጂ ከበሽታው ሸሽቶ ላይሆን ይችላል። የሲቢ1 ተቀባዮች ወደ ነበሩበት ለመመለስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ያነሰ እረፍት ብዙ አይነግረንም፤ በየሌሊቱ ሲወስድ የቆየ ሰው የደብተሩን «ያለምንም» ሁለት ሳምንት የሚቆጥረው ከዚያ ወዲያ ነው።

አዴራል ወይም ኮንሰርታ (ቀስ ብሎ የሚለቀቅ የሪታሊን ዓይነት) የሚወስድ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ካናቢስ የልብ ምት ያፈጥናል፣ እነሱም ያፈጥናሉ፤ ሲደመሩ ልብ ይደልቃል። ብዙው ሰው የጠዋቱ ክኒን አመሻሽ ላይ ሲለቀው በሚመጣው ብስጭት ነው ጋሚዋን የሚያነሳት። ይህን ለሐኪም መናገር ነው፤ የክኒኑን ሰዓት ወይም ዓይነት በመቀየር ብቻ የሚፈታ ጊዜ አለ። ደረት የወጋው፣ ምቱ አልረጋ ያለው ሰው ጠዋት እስኪሆን መጠበቅ የለበትም። ከቤተሰቡ የአእምሮ መቃወስ፣ ድምፅ የመስማት ሕመም የነበረበት ሰው ቲኤችሲ ባይነካ ይሻለዋል። ለልጅማ ፈጽሞ። «ልጄን ካረጋጋልኝ» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ድካማቸው ይገባኛል፣ ግን በማደግ ላይ ያለ አንጎል ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ፣ መ. የዜግነት ማመልከቻዋን ልታስገባ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ፈቅደዋል። የፌዴራሉ ሕግ ግን ሌላ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየውም በፌዴራሉ ነው። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅድም ካናቢስ መጠቀም ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ ይችላል። ሳይከሰሱ፣ ሳይያዙ፣ በቃለ መጠይቅ ማመን ብቻውን ሊበቃ ይችላል። መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው። ከማመልከቻው በፊት ጠበቃ ጋ መሄድ ነው ያለባት። ወንድሟም የጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ለሾፌሮች በሚደረገው የሽንት ምርመራ አንዴ የቀመሰ ለጥቂት ቀን፣ በየቀኑ የሚወስድ እስከ ወር ድረስ ሊገኝበት ይችላል፤ «ማታ ነው የወሰድኩት»፣ «ሲቢዲ ዘይት ነው» የሚል መልስ አይሰማም። ለገና አገር ቤት ሲሄዱ ሻንጣ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጋሚም እዚያ ወንጀል ናት።

ይህን ሁሉ ልጽፍላት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ደግሞም ማወቅ አለባት። ግን መ. በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጧ ጸጥ ብሎ ያደረች ሰው ናት። «ቀልብሽን ሰብስቢ» ሲሏት የኖሩት ሁሉ እንዴት እንደሚሰበሰብ አላሳዩዋትም፤ እሷም ያቺን ጸጥታ ስታገኝ የምታውቀውን ብቸኛ ስም ሰጠቻት። ታዲያ ስሟን ብቻ አርሜ ልተዋት? ወይስ ጸጥታዋን ሳልነጥቃት፣ ሌላ ቦታ እንድታገኛት የምነግርበት አነጋገር አለ?