ያረጀ ሞርሳ ማደስ

ባሕር ዳር ውስጥ ከቁራሌው እጅ የገዛሁት ስድስተኛው ሞርሳዬ (ሞርሳ ማለት የሚሠራውን ዕቃ በሁለት መንጋጋ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው) መንጋጋው 4 ኢንች ስፋት ያለው፣ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የተሠራ «ሪከርድ» የተባለ ምርት ቁጥር 3 ሲሆን፣ ጣና ዳር ብዙ ክረምት አሳልፎ ዋናው ብሎን ከዳዶው ጋር በዝገት ተጣብቆ ነበር። እንዲህ ያለውን ሞርሳ በመዶሻ ደብድቦ ማላቀቅ አይገባም፤ አካሉ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት፣ በመሆኑ ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁንም በብየዳ መጠገን እጅግ አስቸጋሪ ነው። እኔ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ ለ10 ቀናት ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያም እጀታውን ወዲያና ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስኩ አላቀቅሁት።

ለቀረው ዝገት የመረጥኩት የኤሌክትሪክ ዘዴን ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ በውኃ ይሟሟል፤ ሞርሳው ከባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ፣ ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው ደጅ መከናወን አለበት። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ማሰር ግን መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውኃው ስለሚለቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ይልቁንም የሐይቅ ዳር ነዋሪ ለሆንን።

ብዙዎች ቀለሙን ያስቀድማሉ፤ ለእኔ ግን የብሎኑ ጥርስ ይበልጣል። ጥርሱን አጽድቼና ግሪስ ቀብቼ መንጋጋዎቹን ስገጥማቸው በመካከላቸው ብርሃን አላለፈም።