መቃኘት ዘፈን አይደለም

ልብስ አይደርቅም። የዚህን ሳምንት ነገር ባጭሩ ንገሪን ብትሉኝ ይኸው ነው።

ጉሙ የጦሳን ተራራ ከዋጠው አራተኛ ቀኑ። ነሐሴ ደሴ ላይ እንዲህ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ጠዋት መስኮት ስከፍት የጎረቤት ቆርቆሮ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ ጃንጥላው፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይደርሳል። እሑድ ያጠብኩትን አንሶላ እስከ ሐሙስ ስድስት ጊዜ አውጥቼ ስድስት ጊዜ አስገብቻለሁ። አሰጣለሁ፣ ያካፋል፣ እሮጣለሁ። ልክ ቤት ሳስገባው ደግሞ ፀሐይዋ ብልጭ ትላለች፤ ሆን ብላ ነው። በካውያ እንዳልተኩሰው መብራት የለም። እማዬ ካልሲዎቹን ከሰል ምድጃው ዳር ደርድራ እንደ እሸት በቆሎ ታገላብጣቸዋለች። በቆሎውም እዚያው አጠገባቸው ነው። የቱ ቀድሞ እንደሚደርስ መገመት የሳምንቱ መዝናኛዬ ሆኖ ሰነበተ። (በቆሎው ያሸንፋል።)

የጀመርኩት ጽሑፍ ባለበት ነው። አትጠይቁኝ።

ለመጻፍ የተቀመጥኩት ግን ስለ ክራሩ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ክራር መጀመሬን የሰማችሁ ሰምታችኋል፣ የሳቃችሁም ስቃችኋል። የሚያስተምረኝ ልጅ «እትዬ» ነው የሚለኝ። ጣቴን በተሳሳተ ክር ላይ ባደረግሁ ቁጥር «እትዬ፣ ይቅርታ፣ እሱ አይደለም» ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው አለ? አሁን ክረምቱን ወደ ቤተሰቦቹ ሄዷል። እኔና ክራሩ ብቻችንን ቀረን።

ብቻችንን እንኳ አልቀረንም። ነሐሴ 1 ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ አለ። እማዬ አውርዳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ደብቃዋለች።

«በፍልሰታ ክራር?» አለች። «ያውም በእኔ ቤት?»

«እና እስኪፈታ ድረስ ዝም ልበል?»

«በገና ቢሆን እሺ።»

በገና የለኝም። ቢኖረኝስ? በገና ዐሥር ክር ነው፤ እኔ በስድስቱ መከራዬን እያየሁ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ለቡሄ ጭፈራ ሲለማመዱ፣ ዱላቸው መሬቱን ሲያናውጠው፣ ማንም አይናገራቸውም። ይህንን እንደ ማስረጃ አቀረብኩ። ቡሄ እኮ ነሐሴ 13 ነው፤ ጾሙ መሀል ነው። «እሱ ደብረ ታቦር ነው» አለች። ክርክሩ ተዘጋ።

በመጨረሻ መንገድ አገኘሁ። ክራር ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይበላሻል አልኳት። ብርድና እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይረግባል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ይሄ ውሸት አይደለም። እየተቃኘ ካልቆየ ጾሙ ሲፈታ የምናገኘው ክራር ሳይሆን ገበቴ ነው። መቃኘት ደግሞ ዘፈን አይደለም። እማዬ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በወጣትነቷ ስንት ሰርግ እንዳሞቀች የነገሩኝ ሰዎች አሉ፤ አላነሣሁትም። መነሣት የሌለበት ጊዜ አለ።

«ቃኚው» አለች። «እንዳትዘፍኚበት ብቻ።»

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቃኘሁ። ቃኝቶ ዝም። አላልቶ እንደገና መቃኘት፣ ደግሞ ዝም። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ የምትሠራ ሴት አይታችኋል? ጨዉን በሽታው ነው የምትለካው። እንደሷ ሆንኩ።

ጥቅምም አልጠፋውም። ዘፈን ሲከለከል ጆሮ ሥራ ያገኛል። ከወፍራሙ ድምፅ ተነሥቼ አምስቱን ክር በተራ ቆጠርኳቸው። (ስድስተኛው የመጀመሪያውን በቀጭን ድምፅ ነው የሚደግመው፤ ለጊዜው ይቆየን።) ሜጀር ከሚሉት የትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስሄድ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ከፍ ይላሉ። ከትዝታ ወደ አምባሰል ከሆነ ሁለተኛውና አምስተኛው ዝቅ፣ ሦስተኛው ከፍ። አንደኛውና አራተኛው ግን ንቅንቅ የለም። በሦስቱም ቅኝት እዚያው ናቸው። አራተኛውን ክር የምትነካው አንቺ ሆዬ የምትባለው ቅኝት ናት፤ እሷን ገና አልደፈርኳትም።

ይሄን የሚያውቅ ሰው በሁለት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። በራሴ ጣት፣ ሦስት ቀን ፈጅቼ ስደርስበት ግን ደስታው ሌላ ነው። ረቡዕ ማታ እማዬን ከጓዳ ጠርቼ «ሁለቱ እኮ አይንቀሳቀሱም!» አልኳት።

«እነማን?» አለች፣ ደንግጣ።

ከዚያ ነው ሐሳቡ የወሰደኝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል። ሦስቱም የወሎ ናቸው ይባላል። ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለችው ባለ ሰኞ ገበያዋ ናት፤ አፋሩና ደገኛው የሚገናኙባት። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰሜን ነው። ውጫሌ እዚያ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውሉ የተፈረመባት። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይላል። አንዱ የተናገረውን ሌላው በራሱ ጆሮ መስማቱ እዚያ አካባቢ የቆየ ነገር ነው።

እና ባቲ የሚኖር ሰው ባቲ ሲዘፈን ምን ይናፍቃል? ሰኞ ሰኞ ሽንኩርት የሚገዛበትን ቦታ? እኔስ እግሬ ደሴ፣ አልጋዬ ደሴ፣ ያልደረቀው አንሶላዬ ደሴ ሆኖ ትዝታ ስቃኝ የማንን ነው የምቃኘው? ያልሄደ ሰው ትዝታ አለው ወይ?

ከአራታችን እዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንዱ አዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሩቅ አይባልም። ለበዓል ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ይስባል። «የቤታችን ሽታ!» ይላል። ዕጣንና እርጥብ ካልሲ ነው፤ አልነገርኩትም። «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል። የሁለተኛውን ታውቃላችሁ። ትንሿ ዐረብ ሀገር ናት።

ትንሿ ማክሰኞ ማታ በቪዲዮ ደወለች። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ላቧን በሻርፗ እየጠረገች፣ «እታለም፣ በሞቴ ጉሙን አሳዪኝ» አለች። እኔ አንሶላውን በክንዴ ታቅፌ ነበር፤ ለአራተኛ ጊዜ እያስገባሁ። ጉም! ስረግመው የዋልኩትን ጉም!

ስልኩን ወደ ግቢው አዞርኩት። ነጭ። ዝም ብላ አየች። ቆየት ብሎ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

«ኮኩ የት ጋ ነው?»

«ያው እዚያው ነዋ።»

«አይታይም።»

«ጉሙ ነዋ» አልኩ።

ኮኩ የለም። ከተቆረጠ አራት ዓመት ሆኖታል። ነቅዞ ነበር፤ ሥሩም አጥሩን እየገፋ ነበር። ግንዱን አስፈልጬ ያነደድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት አሞቀን። እሷ ስትሄድ ግን አብቦ ነበር፤ እሷ ዘንድ አሁንም እንዳበበ ነው። በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ። አንድ ጊዜማ «ዘንድሮ ብዙ አፈራ» ብያታለሁ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። «ለጎረቤት አከፋፈላችሁ?» አለች። አከፋፈልን አልኩ። ያልበቀለ ኮክ አከፋፈልኩ።

የሄደ ሰው ቀን አለው። እሷ የወጣችበትን ጠዋት፣ የለበሰችውን ሹራብ፣ እማዬ በር ላይ ያለቻትን ቃል በቃል ትነግራችኋለች። የእኔ ግን ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የሄደው። ጥግ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት መቼ ተዘጋ? የአባዬ ወንበር ከበረንዳ ወደ ጓዳ የገባው በየትኛው ክረምት ነው? ኮኩ የተቆረጠው ቅዳሜ ነው ማክሰኞ? አላስታውስም። እንጀራ እየጋገርኩ ነበር መሰለኝ።

ከሁለታችን ይሄን ቤት የሚያውቀው ማን ነው? እኔ አሁን ያለውን አውቃለሁ፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ፣ የሚንቋቋውን አልጋ። እሷ የነበረውን አንድ ሳታጎድል ይዛዋለች። ቤቱ ራሱ ምረጥ ቢባል እሷን የሚመርጥ ይመስለኛል። እኔን በየቀኑ ያየኛል፣ በየቀኑ እነጫነጭበታለሁ።

እኔም የሚናፍቀኝ ነገር ካለ ልፈትን ብዬ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋደም ብዬ አሰብኩ። ብዙ አልመጣልኝም። የትንሿ እግር መጣልኝ። አንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፤ እግሯ በረዶ ነበር፤ እያመጣች ጭኔ ላይ ትለጥፈው ነበር። እጮህ ነበር። አሁን አልጋው በሙሉ የእኔ ነው። አንሶላው ግን ያው የሁለት ሰው ነው። ምናልባት የማይደርቀው ለዚህ ይሆናል፤ ትልቅ ነዋ።

ሐሙስ ከሰዓት እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና ስታፈላ ይሄንኑ ጥያቄ አመጣሁት። የታችኛው ግቢ እማማ መጥተው ነበር። የእኛ ጾም እሳቸውን አይመለከትም፤ ግን በፍልሰታ እኛ ቤት ሲመጡ የፍስክ ነገር ይዘው አይመጡም። በረመዳን ደግሞ እማዬ እሳቸው ቤት ውሃ አትቀምስም። ሲጻፍ የቱሪዝም ማስታወቂያ ይመስላል። ቤት ውስጥ ማንም አንሥቶት አያውቅም።

«እማማ፣ እርስዎ ከዚህ ሰፈር ወጥተው ያውቃሉ?»

«የት ልሂድ ብለሽ?»

«ታዲያ ትዝታ ይይዝዎታል?»

ስኒያቸውን አዙረው አዩት። «አብሽሪ ልጄ። እኔ በረካው ላይ ስደርስ አቦሉ ይናፍቀኛል።»

ይሄን የምጽፍበት ወረቀት ፍለጋ ብድግ ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«በረካዬ ቀጠነ ለማለት ነው?»

«ኧረ በአላህ! እንዲያውም ወፍሯል።»

«ገብቶኛል። ቀጥኗል።»

ከዚያ ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ስኳር፤ ከዚያ ወደ አንዲት የማላውቃት ሴት ምራት። ጥያቄዬን ታቅፌ ቀረሁ። በነገራችን ላይ ቀጥኖ ነበር።

ትንሿ «ክራርሽን አሰሚኝ» ካለችኝ ወር አልፏል። ትናንት ማታ እማዬ ከተኛች በኋላ ጋቢ ተከናንቤ አወረድኩት። ዘፈን አይደለም። አምባሰል ቃኘሁ። መቃኘቱ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ክሮቹ አንድ በአንድ መነካት አለባቸው። አንዴ አይበቃም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ መሀል ላይ ትንሽ እየቆዩ። ስልኬ ይሄን ሁሉ ቀድቶታል። ላክሁላት።

መልሷ ወዲያው መጣ። የሚያለቅስ ፊት፣ ሌላ የሚያለቅስ ፊት፣ ከዚያ ድምፅ። «እታለም፣ ትዝታሽ አንጀቴን በላው።»

«አምባሰል ነው እኮ!» አልኩ። ለካ ጮክ ብዬ ነው።

ከወዲያኛው ክፍል አልጋው ተንቋቋ።

«አንቺ ልጅ፣ ዘፈን ነው?»

«አይደለም እማዬ። እየቃኘሁ ነው።»

«ዘፈን እንዳልሆነማ ይሰማል።»